የተደፈነው መርጫ

ሲያስገቡኝ ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ወረታ ከተማ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ብዙም ያልራቀ የጭቃ መጋዘን ነበር፤ እስር ቤት ከመሆኑ በፊት ፀረ-ተባይ መድኃኒት ሲከማችበት የኖረ። ወለሉ ላይ የሩዝ ገለባ ተበትኗል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ፣ ከውጭ ከሚሰማው የባጃጅ ጥሩምባ ሌላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ውስጥ ንብ አለ።

ሳቄ መጣ። እኔም የታሰርሁት በንብ ነዋ!

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራዬ እናቶችን "ለልጅሽ ዱባ ቀቅይለት፣ ባቄላ ጨምሪበት" ማለት ነው። እናቶቹ ደግሞ "ዱባው ያብባል እንጂ ፍሬ አይይዝም" ይሉኛል። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ላይ መድኃኒት የሚረጨው በጠዋት፣ ንብ ከአበባ አበባ በምትዞርበት ሰዓት ነው፤ ከየቀፎው ሥር የሞተ ንብ ይጠረጋል። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ይኸንኑ ተናገርሁ። "ሩዝ ያለ ንብ ያፈራል፤ ልጅ ግን በሩዝ ብቻ አያድግም። መድኃኒቱን ወደ ማታ እንርጨው፤ ዝም ብለው የሚያከፋፍሉትም ይጠየቁ" አልሁ። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሹም ሳቀብኝ።

"ንብ ድምፅ አትሰጥም" አለኝ።

"እናቶች ግን ይሰጣሉ" አልሁት።

ያሳሰረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጭብጨባ ነው። "ሕዝብ ማነሣሣት" አሉት።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት እናት አገኘሁ፤ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ልጃቸውን ሊያስሩ የመጡት ሰዎች ልጁን ሲያጡት እሳቸውን አመጧቸው። በገመድ አስረው ስለነዷቸው የቀኝ እጃቸው አንጓ ቆስሎ መግል ይዟል፤ ጣቶቻቸው አብጠው አይታጠፉም። ለሸክላ ሠሪ እጅ ማለት እንጀራ ነው። ቁስሉን ሳየው በቶሎ ካልታከሙ እጃቸውን እንደሚያጡት ገባኝ። በሩን ብደበድብ፣ ብጮህ የሰማ የለም።

በማግስቱ የጥበቃው አለቃ መጣ። ንብ ነድፎት አንድ ዓይኑ በእብጠት ተከድኗል። በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ እግሬ ሥር አኖረና ስልኩን አወጣ።

"ግድግዳው ውስጥ ያሉትን ራስሽ ርጪያቸው። እኔ እቀርፃለሁ፤ ቁሐር ላይ ላጨበጨቡልሽ እናሳየዋለን። ከዚያ አሮጊቷ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለች።"

እጄ ወደ መርጫው ሄደ። የሰው እጅ ከንብ ይበልጣል ብዬ ነው።

"ተይው" አሉ እሳቸው ከጥጉ።

"እማማ፣ እጅዎ እኮ…"

"እጄን አይቸዋለሁ፤ የኔው ነው። ዛሬ በኔ እጅ ከገዛሽ፣ ነገ በልጅሽ እጅ ይመጣብሻል።"

ቀና ብዬ አለቃውን አየሁት። "አልረጭም። የታመመ እስረኛ ማሳከም ግዴታህ ነው፤ መደራደሪያህ አይደለም።"

"እስከ ነገ አስቢበት" ብሎ መርጫውን እዚያው ትቶልን ወጣ። ያን ቀን ከቤት የመጣልንን ምግብ መለሰብን።

ሐኪም ቤት ከቀረ፣ ለቁስሉ የሚሆነውን ማር ከግድግዳው ማውጣት ነው። አመሻሹ ላይ ንቡ ረጋ ሲል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ተከናነብሁ። እማማ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ዳስሰው "እዚህ ጋ ጭቃው ስስ ነው" አሉኝ። በውሃ አርሰን በማንኪያ ፈለፈልነው። ንቡ አልማረኝም፤ እጄንም አንገቴንም ነደፈኝ።

"አይዞሽ" ይሉኛል እየሳቁ፣ "ቤቱን ሲፈትሹበት ማን ዝም ይላል?"

አንድ ቁራጭ ማር ከነሰፈፉ አወጣሁ። ልጨምር ስል "ይብቃሽ፤ የቀረው የባለቤቶቹ ነው" ብለው ከለከሉኝ። የመጋዘኑ መርዝ ማሩን ነክቶት ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ፤ ግን ሌላ ምን ነበረኝ? ቁስሉን በምንጠጣው ውሃ አጥቤ ማሩን ቀባሁት፤ የነጠላዬን ጥለት ቀድጄ አሰርሁላቸው።

ቀዳዳውን የደፈኑት እሳቸው ናቸው። ጭቃውን አቡክተው እንደ ጋን ሆድ አለሰለሱት። የተረፈውን ጭቃ እያድቦለቦሉ መርጫውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። የመርጫውን ጫፍ ለመፍታት አንድ እጅ አልበቃ ሲላቸው ያዝሁላቸው። ጭቃውን ጠቅጥቀው መልሰው ገጠሙት።

በነጋታው አለቃው "አሰብሽበት?" አለ።

"አልረጭም።"

መርጫውን ራሱ አዘለና ስልኩን ለጓደኛው ሰጠ። የመርጫውን እጀታ ገፋው፣ ደግሞ ገፋው፤ ጠብ የሚል የለም። ላብ አጠመቀው። ንቦቹ ሲያንዣብቡ ጓደኛው ስልኩን እንደያዘ እግሬ አውጪኝ አለ። ሳቃችን አመለጠን።

"ማናችሁ የደፈናችሁት?"

እማማ በጥለት የታሰረውን እጃቸውን ቀጥ አድርገው አወጡ። "እኔ ነኝ" አሉ።

እኔም እጄን አወጣሁ። "እኔም ነኝ።"

አለቃው መርጫውን እየጎተተ ወጣ። ለዚያ ሰሞን ፀሐይ መሞቅ ከለከለን፤ ንቦቹን ግን ተመልሶ አልነካቸውም።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ። እጃቸው ተረፈ፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ዛሬም በደንብ አይታጠፉም፤ ማር ተአምር አይሠራም። ከተፈታን ወዲህ ወረታ ገበያ እንስራ ሲሸጡ አገኛቸዋለሁ። የእንስራዎቻቸው አፍ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። "ምነው ተንጋደደ?" የሚል ገዢ ሲመጣ አያፍሩም፤ "እጅ ያወጣሁበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው" ይሉታል። አንዱን ገዝቼ ቤቴ አስቀምጫለሁ።

ሥራዬን አልመለሱልኝም። መድኃኒቱም ዛሬም በጠዋት ይረጫል፤ ዱባው ዛሬም ያለ ፍሬ ይረግፋል። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ግን ቁሐር ድረስ እሄዳለሁ። ሹሙ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ "አስተያየት ያለው?" ሲል፣ እጄን አወጣለሁ።