ጳጉሜ ስድስትን የዋጠው ኤርጎ

ኤርጎ ከዓመቱ ላይ አንድ ቀን ሰርቆ ለፈረንጅ ሸጠ ይባላል። ጂንካ ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ከተማዋን የለቀቀ ሰው ብቻ ነው። አንዳንዱማ ቀኑን በፍላሽ ጭኖ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ይምላል።

ውሸት ነው። ኤርጎ ቀን አልሰረቀም። ረሳ እንጂ።

ሰው የሚያውቀው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ነው። በአፍ መፍቻው በአሪኛ ያስባል፣ በአማርኛ ይጽፋል። ኮምፒውተሩን ማንም ሳያስተምረው ፈታቶ በመግጠም ተማረው፤ የመጀመሪያዋ ሁለት ብሎን ተርፏት እስከ ዛሬ ትሠራለች። በ2012 ዓ.ም. ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሠራና ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀው። ከሥሩም “የፈለገ ይውሰድ፣ የፈለገ ያሻሽል፣ ዋስትና ግን የለውም” ብሎ ጻፈ። ይህቺን የመጨረሻ ቃል ያነበበ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ከወሰዱት አንዱ ለአርብቶ አደሩ የከብት ክትባት የሚያደርስ አንድ ድርጅት ነው። ወሰደ፣ የራሱን አርማ ለጠፈበት፣ ለለጋሾቹም “በራሳችን ባለሙያዎች የበለጸገ” ብሎ ሪፖርት ላከ። የኤርጎ ስምስ? ኧረ ምን ሲደረግ!

ጣጣውን ያመጣችው ጳጉሜ ናት። ኤርጎ አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ጻፋት። በዚያ ዓመት አምስት ነበረች፣ በቀጣዩም፣ ከዚያ በኋላም። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ሕፃን ያውቃል፤ ኤርጎም ያውቃል፤ ጣቱ ግን ረሳ። በ2015 ነሐሴ ላይ ፊቱን አይቶት የማያውቅ አንድ የደብረ ማርቆስ ሰው “ወንድሜ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፣ ያንተዋ አምስት ላይ ትቆማለች” ብሎ ጻፈለት። በዚያው ቀን አስተካክሎ አዲሱን ለቀቀ። “አዲሱን ጫኑ” የሚል ማሳሰቢያም ለተጠቃሚው ሁሉ ደረሰ።

በድርጅቱ ማሳሰቢያውን ያየችው ሰብለ ናት፤ የመረጃ ሠራተኛ፣ ኮንትራቷ መስከረም መጨረሻ ላይ የሚያልቅ። ያለ ፈቃድ ምንም መጫን አይቻልምና ለኃላፊው ለአቶ መኮንን ደብዳቤ ጻፈች። እሳቸውም “ይታይ” ብለው መሩበት። ደብዳቤው በመታየት ላይ ሳለ ዓመቱ ተለወጠ።

ከዲመካ ከተማ ማዶ ላሉ ሐመሮች ለመስከረም ዘጠኝ የፍየል ክትባት ቀጠሮ ተይዟል። የመኪና መጠየቂያው በፈረንጅ ቀን ስለሚሞላ ፕሮግራሙ ቀኑን ቀየረው፤ አንድ ቀን አሳንሶ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ዞር ብሎ ያየ የለም። ኮምፒውተር እያለ ግድግዳ ማን ያምናል? ሹፌሩ “ዛሬ እኮ ስምንት ነው” ቢል “አንተ ወረቀቱ የሚልህን ንዳ” ተባለ። ሄደ። ዛፍ ሥር ከተጋደመ ውሻ በቀር ማንም አልጠበቀውም። ክትባቱ በበረዶ እንደሄደ በበረዶ ተመለሰ፤ ሪፖርቱም “ኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት አለበት” አለ።

ግንዛቤ ያጠረው ኅብረተሰብ በማግስቱ አራት መቶ ፍየል እየነዳ መጣ። ሐመር ቀጠሮ ሲይዝ በቀረው ቀን ልክ ገመድ ላይ ይቋጥራል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ይፈታል። ቋጠሮ አፕዴት አይፈልግም። አንድ ሽማግሌ ገመዳቸውን ይዘው ጂንካ ድረስ መጡና “ይህን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። የእናንተን የቋጠረው ማነው?” አሉ።

ቢሮው እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ገጥሞት ስለማያውቅ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢ፦ አቶ መኮንን። ለጥያቄ የተጠራ፦ ኤርጎ።

ሰብለ ከስብሰባው በፊት ኤርጎ ፎቶ ኮፒ ቤት ከተፍ አለች።

“ኤርጎዬ፣ ‘ይታይ’ ያሉበት ደብዳቤ ኮፒው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ላውጣው?”

“ኮንትራትሽን የሚፈርመው ማነው?”

“እሳቸው።”

“እንግዲያው እዚያው ቦርሳሽ ውስጥ ይታይ።”

ስብሰባው ተጀመረ። አቶ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ይህን ፕሮግራም የሠራው ማነው?”

“ሪፖርታችሁ ላይ የራሳችሁ ባለሙያዎች ናቸው” አለ ኤርጎ። ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

“ቀልዱን ተወውና! ጥፋተኛው ወይ አንተ ነህ፣ ወይ ፕሮግራሙን የያዘችው ልጅ ናት። እሷ ከሆነች ማሰናበት ነው።”

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሰብለ ቦርሳዋን ጭምቅ አደረገች።

ኤርጎ አንዴ አያት። “ጳጉሜን አምስት ያደረግኳት እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ አስተካክዬ ልኬያለሁ። ለምን እንዳልተጫነ እዚህ ከተቀመጣችሁት የሚያውቅ አለ፤ እኔ አልጠይቅም። እኔው ላይ ጻፉት።”

የአቶ መኮንን ፊት እንደ ሠርግ ቤት በራ። ቃለ ጉባኤው “ኃላፊነቱን ፕሮግራሙን በፈቃደኝነት የሠራው ግለሰብ ይወስዳል” ተብሎ ተጻፈ። “ሰብለ፣ አንቺ ሥራሽን ቀጥይ፣ ኮንትራቱን ነገ እፈርማለሁ” አሉ፤ ቸርነታቸው ራሳቸውን እያስገረማቸው።

ኤርጎ ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሳና ቆም አለ።

“አንዲት መስመር ትጨመርልኝ። የተሳሳተው አንድ ቀን የእኔ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልክ የወጣው ቀን ሁሉ የማነው?”