የሐኪሙ ቃል በአጎቴ አፍ

«ስልክሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺ። ጋዜጠኛ ነሽ እንዴ አንቺ?»

ሐኪሙ ፊት ለፊቴ ይህን ሲለኝ እናቴ ልቧን ለማስደመጥ የፈታችውን መቀነት ገና አላሰረችም ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶብስ ጎንደር የገባነው ሦስት ሆነን ነው፤ እናቴ፣ እኔና የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የቅኔ መምህሩ አጎቴ።

ንግግሩን በስልኬ ልቀዳ የፈለግኩት ለጨዋታ አይደለም። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ደም የሚያቀጥን ክኒን ትወስዳለች። ባለፈው ቀጠሮ የተነገረኝን ቤት ስደርስ አምታታሁና ግማሽ መስጠት ባለብኝ ቀን ሁሉ ሙሉ ሰጠኋት። በሳምንቱ አፍንጫዋ ሲደማ አልቆም አለ። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ፣ ያደማኋትም እኔ።

እቅጩን ነገርኩት። «ካልቀዳሁ እረሳለሁ። እኔ ብረሳ የምትሞተው እሷ ናት።»

«ምነው ልጄ!» እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ከሸጋ ሰው ልታጣይኝ ነው?»

«ዛሬ የተቀዳ ነገ ክስ ነው» አለ ሐኪሙ።

«አንተ ተናገር ልጄ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አሉ አጎቴ ከጥግ።

«እሺ የኔታ፣ ይያዙ እስቲ» ብሎ ፈገግ አለ። እንደ ልማዱ እየተጣደፈ ስለ ክኒኑ፣ የክኒኑን ኃይል ስለሚቀንሰው ጎመን፣ ስለ ቀጠሮው ተናገረ። መሃል ላይ ነርሷ በሩን ከፍታ ካርድ ጠየቀችው፤ መለሰላትና ቀጠለ።

ሲያበቃ አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። «እ... ምን ነበር ያልኩት» ያለውን፣ ለነርሷ «ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» ያላትን ሳይቀር አወጡት። ቅኔ ቤት መምህሩ አንዴ ያለውን ተማሪው በጆሮው ይዞ ይወጣል ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ በግርምት ያያቸው ጀመር። እናቴ ብቻ ምንም አልመሰላት፤ «አያ ድሮም እንዲህ ነው» አለች መቀነቷን እያሰረች።

ሊጨርሱ ሲሉ አጎቴ ድንገት ቆም አሉ። «እዚህ ላይ ሁለት ሆነብኝ። መጀመሪያ ሙሉውን ክኒን ሰኞና ዓርብ አልክ። ነርሷ ከወጣች በኋላ ሰኞና ሐሙስ አልክ። የቱን ልያዝ?»

ሐኪሙ ካርዱን ገለጠ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ዓርብ ነው የኔታ። ሐሙስ ያልኩት ተሳስቼ ነው።»

ሐኪም በገዛ አፉ ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከአጎቴ ጆሮ እኩል እሱም አስደነቀኝ። ዝም ማለት ግን አልችልበትም።

«እንዲህ ያለ አጎት የሌለውስ? እኚህም ቢሆኑ ነገ ወደ ተማሪዎቻቸው ይመለሳሉ።»

ሐኪሙ አጎቴን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«በይ ስልክሽን አውጪና ቅጂው» አለ።

ወንበሩን ወደ እናቴ አዞረና ቀኖቹን በጣቶቹ እየቆጠረ፣ ቀስ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ሲጨርስ ማዘዣውን ተቀበልኩ። ሁለቱን በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ መድኃኒቱን ልገዛ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።