አባቴ ለመሸነፍ የተጫወቱት ጎልፍ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ጎልፍ ጥሩና መጥፎ ጎን የሚናገር ሰው ቢፈለግ፣ ሳልወድ በግዴ እኔ ነኝ። እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የኮምፒውተሩን ግን ከክረምት እስከ ፋሲካ ማግስት አባቴ አጠገብ ተቀምጬ አየሁት፤ አይቼም ታከተኝ።

ጊዜው ኮምፒውተር በከተማችን ብርቅ መሆኑ እየቀረ የመጣበት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበረችኝ። ጠዋት በሩን ሳልከፍት ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ወረቀት ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይቆጣል። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል። የአባቴን እግር አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ልብሳቸውን እቀይራለሁ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ሆነው "እንዴት ዋሉ?" ብሎ በመደወል የሚስተካከላቸው አልነበረም።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ያን ዓመት ግንቦት ላይ ቅዳሴ ቀድሰው ሲወጡ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። እግራቸው በከዘራ እየተረዳ መለስ አለ፤ እጃቸው ግን እምቢ አለ።

ቀኝ እጅ ለማንም እጅ ነው፤ ለቄስ ግን መስቀል መያዣው ነው። አባቴ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ጎንበስ ይላል፤ እሳቸው መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ግንባሩንና ከንፈሩን ያስነኩታል። በዚህ ምክንያት አጭሯ መንገድ ረጅም ትሆን ነበር። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ መስቀላቸውን ሳልሳለም ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከሕመሙ ወዲህ ግን መስቀሉ ትራሳቸው ሥር ተቀመጠ፤ እኔም ሳልሳለም መውጣት ለመድኩ።

አንድ ጊዜ "በግራዎ ቢሆንስ፣ አባባ?" አልኳቸው። አዩኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

የከፋው የጠያቂው ነገር ነበር። ዘመዶቻችን ያሉት በአማኑኤል ከተማ በኩል ገጠር ነው። በአውቶቡስ ተጨናንቀው፣ ድንቹን በከረጢት ተሸክመው ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ የመጡበትም ዋናው ነገር መሳለም ነው። አባቴ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ ይመስላሉ። "ገና አሁን አሸለቡ" እላለሁ እኔ። ሰዎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ እያወሩ ሻያቸውን ጠጥተው፣ የአባቴን ጀርባ አይተው ይሄዳሉ። በር ስሸኝ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው፤ ቅር ያላቸው፣ ግን ቅር አለን ለማለት የሚያፍሩ።

ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነገሩን ቀላል አድርጋ ነበር የነገረችን። እጁ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ጨርቅ ይያዝ፣ ወደ ፊት ይግፋ፣ ወደ ኋላ ይሳብ፤ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ። አባቴ ጨርቁን አንድ ቀን ያዙና ወረወሩት።

"ጠረጴዛ ልወልውል እንዴ? አስተናጋጅ አደረጋችሁኝ?"

ኮምፒውተሩ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ አርጅቶ ለሥራ የማይሆን ነበረኝ። ማታ ማታ እሳቸውን እየጠበቅኩ የሰው ጽሑፍ ልተይብበት ብዬ ቤት ወሰድኩት። ከሰው እጅ የተገዛ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ጨዋታዎች ትቶበታል፤ አንዱ ጥይት ነው፣ አንዱ መኪና ነው፣ ሦስተኛው ጎልፍ። ጥይቱ ራሴን ያዞረኛል። ጎልፉን የወደድኩት ስለማያስቸኩል ነው። ኳሷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ አንድ ሰዓት ብትጠብቅ ቅር አይላትም። በዚያ ዘመን እንደዚያ የሚጠብቀኝ ሌላ ነገር አልነበረም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስጫወት አባቴ ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር።

"ይኼ ገና አይደለም እንዴ?"

በወጣትነታቸው ገና ተጫዋች ነበሩ፤ ቆልማማ ዱላ ይዘው በልደት ሰሞን ሜዳ ላይ ሩር የምትባለዋን ኳስ ሲያሳድዱ የተመቱበት ጠባሳ ቅልጥማቸው ላይ አለ። "ይመስላል፣ አባባ" አልኩ።

"ተጋጣሚው የታለ?"

"የለም። ብቻን ነው።"

"ብቻውን ገና የሚጫወት!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ግን "እስቲ አስጠጊኝ" አሉ።

ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት። በዚህ ጨዋታ ዱላው ወደ ኋላ እንዲነሣ ማውሱን ወደ ራስ መሳብ፣ ኳሱ እንዲመታ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ባለሙያዋ በጨርቅ አድርጉ ያለችን ይኸው ነው። እጃቸውን አንሥቼ ማውሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፍኩ።

መጀመሪያ ተጫዋች መምረጥ ነበረብን። አጭር ቀሚስ የለበሰች ፈረንጅ ብቅ ስትል አባቴ "ይች ልጅ ነጠላ የሚሰጣት ዘመድ የላትም?" አሉ። ባርኔጣ ያደረገውን ወፍራም ሰውዬ መረጥንላቸው። ሜዳው ሲከፈት ትኩር ብለው አዩት። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

"ይኼ ሁሉ ሣር! ከብት የለበትም?"

"የለበትም።"

"እግዚኦ! ምን ዓይነት ብክነት ነው?"

እንዲህ ጀመርን። ከረጅሙ ዱላ በቀር ሌላ አይነኩም። ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ በቀስታ ነካ ማድረግ ብቻ ሲቀራቸው፣ እሳቸው በረጅሙ ዱላ ወደ ጫካ ይልኳታል። በገና ጨዋታ ሩርን ከፊትህ አርቀህ ነዋ የምትሰዳት። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደመቱ ይናገራል።

"ብዙ ነው?"

"በጣም ብዙ ነው፣ አባባ።"

"ተመስገን!"

ለጥቂት ቀን አላረምኳቸውም። በኋላ ግን ሰው የማረም አመሌ ተነሣብኝና፣ የሚያሸንፈው ጥቂት ጊዜ የመታው ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

"ትንሽ የለፋው ነው የሚያሸንፈው?"

"እንደዚያ ነው ሕጉ።"

"እንግዲያማ እኔ ለመሸነፍ ነው የምጫወተው። እጄ የሚፈልገው ልፋት ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሷን ሆን ብለው ሐይቅ ውስጥ መክተት ጀመሩ። እዚህ ላይ ጨዋታውን አመሰግናለሁ፤ ሐይቅ የገባችበትን ኳስ ሳያኮርፍ መልሶ ይሰጣል። ጨዋታው በሚሸነፍ ሰው አይሰለችም። እኔ ሰለቸኝ እንጂ እሱ አልሰለቸውም።

ጉድለቱ ግን ብዙ ነው። ኳሷ በሳተች ቁጥር ጨዋታውን በእንግሊዝኛ የሚተርከው ሰውዬ ከተመልካቹ ጋር "ኦ..." እያለ ያዝናል። "ይኼ ሰው ምን ሁኖ ነው የሚያለቅስብኝ?" ስላሉ ድምፁን ዘጋሁት። ነፋስን በቀስት ምልክት ያሳያል፤ የእኛ የደጋው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሳይናገር ነው በር የሚገነጥለው። ውጪ በረዶ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ፣ ስክሪኑ ውስጥ ፀሐይ ነው። መብራት ከጠፋ የተጫወቱት ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አባቴን ከሁሉ ያናደዳቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ ብዙ ሲመቱ ጨዋታው ራሱ ኳሷን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ይወስዳቸዋል።

"ማን በቃህ አለኝ? እኔ በቃኝ ብያለሁ?"

ወደሚቀጥለው ለመሄድ የምትነካዋን ምልክት ማግኘት ስለሚያስቸግራቸው፣ እኔ አጠገባቸው መቀመጥ ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ውዬ፣ ማታ ሌላ ኮምፒውተር። ደክሞኝ ነበር። እንቅልፍ የሚያስወግደው ዓይነት ድካም አልነበረም። አንዳንድ ቀን ያን ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከልቤ እጠላው ነበር፤ እሱ መታ መታ አድርጎ ጋሪ ላይ ይወጣል፣ ሸሚዙ እንኳ አይጨማደድም። ወንበር ላይ አንቀላፍቼ "ነይ፣ ይችን ጫኝልኝ" ሲሉኝ እባንናለሁ፣ እጫናለሁ፣ መልሼ አንቀላፋለሁ።

እጁ ግን ተሻለው። ጥር ላይ ጣቶቻቸውን ማጠፍ ተውኩ፤ ማውሱን ራሳቸው ይይዙት ጀመር። የገና ዱላ የያዙ ያህል አጥብቀው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ይገፉ ነበር። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ስክሪኑን በነጠላ አስሸፈኑኝና "እሱም ይጹም" አሉ። ያን ሳምንት ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር ብቻ እንደምናስብ አውቅ ነበር፤ ግን አላወራንበትም።

ፋሲካ አልፎ በማግስቱ ገና ሳልቀመጥ "መስቀሌን አምጭልኝ" አሉኝ።

ከትራሱ ሥር አውጥቼ እጃቸው ላይ አስያዝኩ። ጨበጡት። ጥብቅ አድርገው ጨበጡት። ከዚያ ሊያነሡት ሞከሩ። ክንዳቸው ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ እንዳለ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ደገሙት። ወደቀ። መስቀሉ ጠረጴዛውን የመታበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የጨዋታው ትልቁ ጉድለት ያን ጊዜ ገባኝ። መግፋትና መሳብ ያስተምራል፤ ማንሣት አያስተምርም። ዱላውን የሚያነሣው ስክሪኑ ውስጥ ያለው ወፍራም ሰውዬ ነው። የአባቴ እጅ ያን ሁሉ ወራት ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ብቻ አይደለም፣ ለራሴም ነበር። ያን ሁሉ ምሽት ወንበር ላይ አንቀላፍቼ የጠበቅኩት ይኼንን ነው ወይ ብዬ ነው።

አባቴ ኮምፒውተሩን ሳይነኩ ሰነበቱ። እኔም ይክፈቱት አላልኩም።

ለዳግም ትንሣኤ በዋዜማው የአባቴ ታላቅ እህት ከገጠር መጡ። ጠዋት ነው፤ ሱቅ ልከፍት ቁልፌን ይዣለሁ። አክስቴ አርጅተዋል፤ ከአውቶቡሱ ወርደው እስከ ቤታችን በእግራቸው መጥተው ደጃፍ ላይ ቆመው ይተነፍሳሉ። አባቴ ወደ ግድግዳ እስኪዞሩ ጠበቅኩ፤ "አሁን አሸለቡ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። አልዞሩም።

"ማውሷን አንሺና ጠረጴዛዋን አስጠጊልኝ" አሉኝ።

አስጠጋሁ። መስቀሉን ማውሱ የነበረበት ቦታ ላይ አድርገው በቀኛቸው ያዙት። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ድሮ መስቀሉ የሚመጣበት ከፍታ ላይ ቆመው ጠበቁ። አልመጣም።

"ዝቅ በይ፣ እታለም። ወደ ጠረጴዛው" አሉ አባቴ።

አክስቴ ግራ ተጋብተው ተንበረከኩ። አባቴ እጃቸውን በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ፊት ገፉት። መስቀሉ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ጫፉ ጋ ደረሰና የአክስቴን ግንባር ነካ። ተሳለሙት። "እግዚአብሔር ይባርክሽ" ሲሉ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። አክስቴ እንደተንበረከኩ እልል አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

"አንችስ?" አሉኝ አባቴ።

"ረፍዶብኛል፣ አባባ። ሰው ይጠብቀኛል።"

"ይጠብቅ። ነይ።"

እጃቸውን እንደገና ሳቡ፤ በጣም ሳቡት፣ ሩቅ ሊመቱ ሲሉ እንደሚስቡት። ተንበረከክኩ። መስቀሉ መጣና ግንባሬን ነካ፤ ብረቱ ከእጃቸው ሙቀት ወስዶ ሞቋል። ተሳልሜ መነሣት ነበረብኝ፤ ግን ግንባሬ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አልነሣ አለኝ። እሳቸውም እጃቸውን አልመለሱትም።

"ደክሞሻል" አሉኝ።

ከታመሙ ወዲህ ይህን ቃል ያለኝ ሰው አልነበረም። "አዎ፣ አባባ" አልኳቸው።