አቶ ፈለቀና የፍሪጅ ማግኔቱ

ይሄ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የልጅ ልጄ ክርስትና የተነሳች ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የባለቤቴን ልደት ሳይቀር ረስቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ። ያቺን ቀን ግን አልረሳትም። አውቶቡስ እየነዳሁ ትዝ ስትለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስታወት ያዩኝና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው።

ልጄ ሶስና ትንሽ እያለች በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ያራቪል የሚባል ሰፈር፣ አንድ ካፌ በር ላይ የቆመ ሆት ሮድ አየን። ለማታውቁት፣ ሆት ሮድ ማለት የድሮ መኪና ወገቡን ዝቅ፣ ጉልበቱን ከፍ አድርገው እንደ አዲስ የሚሠሩት ነው። ያ ያየነው ፒካፕ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የካፌው ስኒ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሶስና እጄን ጎትታ፣ "ዳድ፣ ሳገባ በዚህ ነው የምሄደው" አለችኝ። ሌላ አባት ቢሆን "እሺ የኔ ቆንጆ" ብሎ ይረሳዋል። እኔ ሞኝ ስለሆንኩ ያዝኩት።

ካደገች በኋላ ጀመርኩ። የዚያ ዘመን ኦሪጅናል ቦዲ ቢገኝም ዝገት የጨረሰው ነው። ስለዚህ በፋይበር ግላስ፣ በድሮው ቅርጽ ልክ ተመስሎ የሚሠራውን አዘዝኩ። ብሬብሩክ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ሲወርድ ነጭ፣ ባዶ፣ መስታወት የሌለው ነገር ነው። ጎረቤቶቻችን የመታጠቢያ ገንዳ የገዛን መስሏቸዋል። ባለቤቴ ገነት ዞር ዞር ብላ አየችውና "ሌላውስ የታለ?" አለች።

"ሌላውን እኔ ነኝ የምሠራው" ስላት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አልፈርድባትም። እስከዚያ ቀን በእጄ የሠራሁት ነገር ቢኖር አንድ የጫማ መደርደሪያ ነው፤ እሱም ግድግዳ ካልደገፈው አይቆምም።

ሻንሲውን አስበየድኩ። ሞተሩን ከተጋጨ መኪና አወጣሁ። በሩን ስገጥመው ሲከፈት እሺ፣ ሲዘጋ እምቢ አለኝ፤ ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ። ደግሞ ፋይበር ግላስ ሲሞረድ ብናኙ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ያሳክካል፤ በሳሙናም አይለቅም። ገነት ከአልጋ አባረረችኝ። "ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፣ እሷ ቢያንስ አታሳክክም" ብላ ትራሱን ሳሎን ወረወረችልኝ።

መኪናውን ለመንገድ የሚያጸድቀው ኢንጂነር በየጊዜው እየመጣ ያይልኝ ነበር። ፍሬን፣ ቀበቶ፣ ሁሉን። አንድ ቀን "የሕፃን ወንበር ማሰሪያ አሁኑኑ ግጠም" አለኝ። "በዚህ ላይ ማን ሕፃን ይጭናል?" ስለው ሳቀና "ሴት ልጅ አለችህ አይደል?" አለ። ገጠምኩ።

ቀለም ብቻ ሲቀረኝ የሶስና ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ናሆም ጨዋ ነው፤ በሱ ላይ ምንም የለኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን አጎቱ አቶ ፈለቀ ነበር። አቶ ፈለቀ ታርኔት የሚባል ሰፈር ቤት ያሻሽጣል። በኛ በኩል ያለ ሐበሻ እሱን ባያውቀው ፊቱን ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ፈገግ ብሎ የተነሳው ፎቶ የታተመበት የፍሪጅ ማግኔት ያልገባበት ቤት የለም። ከፎቶው ሥር "እመኑኝ" ይላል።

እንደ ወጉ ቆመው ለመኑ፤ እኛም እንደ ወጉ ተግደረደርን። በመጨረሻ "የሚሉን ነገር ካለ" አሉኝ።

"ምንም አልፈልግም" አልኩ። "የሙሽራ መኪና የወንድ ወገን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልጄ ከቤቴ የምትወጣው እኔ በሠራሁላት መኪና ይሁን።"

ተያዩ። "ይሁን፣ ቃላችን ነው" ያለው ራሱ አቶ ፈለቀ ነው። ይሄን ያዙልኝ።

እዚያ ላይ ዝም ብዬ ምግቡን ባስቀርብ ምን ነበረበት! ደስታ አላስችል አለኝና "ኑ ላሳያችሁ" ብዬ ጋራዥ ወሰድኳቸው። ጋራዡ ውስጥ የቢራ ፍሪጅ አለ፤ ፍሪጁ ላይ ደግሞ የአቶ ፈለቀ ማግኔት አለ። ራሱን ሲያይ ደስ አለው። ነቀለና "እስቲ ብረቱን እንየው" ብሎ መኪናዬ በር ላይ ለጠፈው።

ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ኮፈኑ ላይ ሞከረ፤ ወደቀ። ስፖንዳው ላይ ሞከረ፤ ወደቀ።

"መላኩ፣ ይሄ ነገር ፕላስቲክ ነው እንዴ?"

"ፋይበር ግላስ ነው ጋሼ ፈለቀ። የድሮው አምሳያ ነው ብዬ ነግሬዎታለሁኮ።"

"ጀሪካን ነው በለኛ! የኛን ሙሽራ በጀሪካን ልትሸኛት?"

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የቀልደኛ ሰው ትልቁ ችግር ይሄ ነው፤ ሲወጉትም ይስቃል።

በሳምንቱ ናሆም ደወለልኝ። ድምፁ ራሱ ያፍራል። "አባባ፣ አንክል ፈለቀ ሊሞዚን ቡክ አድርጓል። ያንተ መኪና ለቪዲዮ አይሆንም አለ።" በሽምግልና የተሰጠ ቃል በፍሪጅ ማግኔት ሲፈርስ ያየሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በሰርጉ ቀን ሶስና በነጭ ሊሞዚን ወጣች። ከመግባቷ በፊት ዓይኗ ወደ ጋራዡ ሄዶ ተመለሰ። ማንም አላየም፣ እኔ አየሁ። እኔ በአሮጌ ኮሮላዬ ከአጀቡ ኋላ ተከተልኩ። ቀይ መብራት ያዘኝና አጀቡ ጠፋኝ፤ የልጄን ሰርግ አዳራሽ ሰው ጠይቄ ገባሁ። ስደርስ አቶ ፈለቀ ማይክ ይዞ የጀሪካኑን ታሪክ ለእንግዳው ሁሉ እየተረከ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሜ "መላኩ ጀሪካን" ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ "ጀሪካን እንዴት ነህ?" ሥጋ ቤት፣ "ለጀሪካን ጎድን ቁረጥለት።" አንዱማ አውቶቡሴ ላይ ሲሳፈር "ይሄኛውስ ብረት ነው?" ብሎኛል።

አማች ነው፤ ምን ይደረጋል? ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። በልቤ የምለውን ጋዜጣ አያወጣውም። ሁለት ነገር ግን አደረግሁ። መኪናውን ቢጫ ቀባሁት፤ ቁርጥ የዘይት ጀሪካን ቢጫ። ማግኔቱን ደግሞ ከጋራዡ መሬት አንስቼ፣ ቤተ ክርስቲያን የምለብሰው ሱፍ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ገነት ሱፉን ልታሳጥብ ስትል ቀድሜ አወጣዋለሁ። "ምንድን ነው እሱ?" ስትለኝ "ክታቤ ነው" እላታለሁ።

ጊዜው አለፈ፤ ሶስና ወለደች። የክርስትናው ቀን ቅዳሴው አልቆ ወደ ግቢው ስንወጣ ሰው አንድ ነገር ከቦ ቆሟል። ተጠግቼ ባይ ቀይ የድሮ ፒካፕ ነው። የሚያብለጨልጭ። አጠገቡ አቶ ፈለቀ፣ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ማግኔቱ ፈገግ ብሎ።

"ኦሪጅናል ነው" ይላል ለሰው ሁሉ። "ከገጠር ነው ያስመጣሁት። እናትና ልጅ ወደ ቤት የሚሄዱት በዚህ ነው።" እኔን ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ። "መላኩ፣ ና ስማ፣ ብረት እንዲህ ነው የሚጮኸው!" ብሎ በሩን አንኳኳ።

ሰማሁ። ብረት ሲመታ ይጮሃል። ይሄ ግን "ዱፍ" አለ። ሊጥ በጥፊ የተመታ ነው የሚመስለው።

ደሜ ሞቀ። ልጄን ሁለተኛ ሊወስድብኝ ነው። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ።

"ጋሼ ፈለቀ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ። "እንዲህ ያለ መኪና ያለ ምስልዎ አያምርም። እኔ ጋ አንድ አለች። ሰው ሁሉ እንዲያያት በሩ ላይ ልለጥፍልዎ?"

ፊቱ በራ። "አይ መላኩ! ይዘኸኝ ነው የምትዞረው? ለጥፍ፣ ለጥፍ! ፎቶ አንሺ፣ ና ወዲህ!"

በሩ መሃል ላይ ለጠፍኩትና እጄን አነሳሁ። የማግኔቱ አቶ ፈለቀ ፈገግ እንዳለ ቁልቁል ተንሸራቶ የእውነተኛው ጫማ ላይ ወደቀ።

"ንፋስ ነው" አለ።

ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ አልነበረም። እኔ "ይሞክሩት እስቲ" ብዬ አንስቼ ሰጠሁት። ራሱ ለጠፈ፤ ወደቀ። ስፖንዳው ላይ አደረገ፤ ወደቀ። ፓራፋንጎው ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘውና ሲለቀው እሱም ወደቀ። መኪናውን እየዞረ፣ የራሱን ፊት እየለጠፈ፣ የራሱን ፊት ከመሬት እያነሳ። ግቢው ሁሉ ያየዋል። በመጨረሻ አንድ ቦታ ያዘለት፤ ከኋላ፣ ታርጋው የታሰረበት ቡሎን ላይ። እዚያ ተጣሞ ተንጠለጠለ። "እመኑኝ" ይላል።

እትዬ ዘነበች የሚባሉ የገነት አክስት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉና፣ "ፈለቀ፣ ይሄም ጀሪካን ነው እንዴ?" አሉት።

ከዚያ በኋላ የሳቀውን ሰው ተዉት። ቄሱ ራሳቸው ጸበሉን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አይዘኑ ጋሼ" አልኩት። "ላሜራውን ዝገት በልቶት በስቱኮ ደፍነው ሸጠውልዎት ነው። ስቱኮው ድፎ ዳቦ ያክላል፤ ማግኔቱ ብረቱ ጋ አይደርስም። ቀለሙ ግን ቆንጆ ነው።" እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አዘንኩለት። ትንሽ።

ሶስና ሕፃኗን ይዛ መጣችና የቀዩን በር ከፍታ አየች። "አንክል፣ ሲትቤልቱ የታለ? ካር ሲቱ ምን ላይ ነው የሚታሰረው?"

"በኛ ጊዜ እናት ታቅፍ ነበር" አላት።

"ኖ ዌይ" አለችና ወደኔ ዞረች። "ዳድ፣ ቢጫው የት ነው?"

ከኋላ ያለው መንገድ ላይ ነበር፣ ዛፍ ሥር። ወደ ግቢው ለማስገባት ወኔ አጥቼ እዚያ ደብቄው ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ አመጣሁት። በኔ ዕድሜና በኔ ሆድ መሮጥ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

ሕፃኗን ኢንጂነሩ ባስገጠመኝ ማሰሪያ አሰርናት። ካቢናው ጠባብ ስለሆነ ሶስና በሩ ጋ ተጣብቃ ተቀመጠች። ሞተሩን ሳስነሳው ሕፃኗ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ተኛች። ሶስና ዳሽቦርዱን በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰች። ከዚያ "ረጅሙን መንገድ ንዳ" አለችኝ።

ረጅሙን መንገድ ነዳኋ! ቤታችን ብሬብሩክ ነው፤ እኔ በአቶ ፈለቀ ሰፈር፣ በታርኔት ዞርኩ። የክርስትና አጀብ ደግሞ እናትና ልጅ ያሉበትን መኪና ነው የሚከተለው፤ ማንም የት ነው የምንሄደው አይልም። ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋ ተከተለ። መጨረሻ ላይ አቶ ፈለቀ በቀይ ፒካፑ፣ ፊቱ ታርጋው ላይ እንደተንጠለጠለ። የግድግዳ ያህል ፎቶው የተሰቀለበት ቢሮው ፊት ለፊት ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ አጀቡ አንድ ጊዜ በደንብ እንዲነፋለት።

የዚያ መንገድ መብራቶች በየሽፍቴ የማልፍባቸው ናቸው፤ ጸባያቸውን አውቃለሁ። ትንሽ ቀስ አልኩ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን። አጀቡ በሙሉ አለፈ። አቶ ፈለቀን ብቻ ቀይ መብራት ያዘው፤ ከዚያም የሚቀጥለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ምሳውን ከጨረስን በኋላ ነው የደረሰው።

ገነት ቂመኛ ነህ ትለኛለች። ልክ ናት። ሰው ሲበቀል ባዶነት ይሰማዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደዚያን ቀን ጠግቤ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አቶ ፈለቀ ጋራዤ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ "መላኩ፣ ያንን ነገር ልታስተካክልልኝ ትችላለህ?" አለኝ። እንደ ሽማግሌ ቆሞ ነው የለመነኝ፤ እኔም እንደ ወጉ ተግደረደርኩ። ከዚያ እሺ አልኩት። ዝገት የበላውን ብረት ቆርጠን ልናወጣና በሮቹን እንደኔው በፋይበር ግላስ ልንተካ ተስማማን። መሞረዱ ግን የሱ ሥራ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ቤት አሻሻጩ ሰውዬ ቱታ ለብሶ በብርጭቆ ወረቀት በር ይፈትጋል። ክንዱን ያካል፣ አንገቱን ያካል፤ ሚስቱ ሳሎን እንደምታስተኛው ነግሮኛል። ማግኔቱ የቢራ ፍሪጁ ላይ ተመልሷል፤ የልጅ ልጄን ፎቶ ይዟል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀና ብሎ "አለቀ?" አለኝ።

በሩን በመዳፌ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። እንደ መስታወት ለስልሷል። ያለቀው ከሳምንታት በፊት ነው።

"ገና ነው ጋሼ" አልኩት። "ትንሽ ይቀረዋል።"