ሊስቤትና ሥዕሉ ውስጥ የነፈሰው ነፋስ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህም ጆሮህን አትድፈን! የመርወደ ወንዝ እመቤት፣ የጀልባ ጎታቾች አለቃ፣ የሆቨርት ባለቤት ሊስቤት ዛሬም በትከሻዋ ላይ የገመዱን ማንገቻ ደፍታለች!

ነፋስ ከጠፋ ሰንብቷል። ነፋስ ሲጠፋ፣ ጀልባውን ከወንዙ ዳር በገመድ ለማስጎተት ፈረስ ያለው ፈረሱን ይጠምዳል፤ የሌለው ሚስቱን። ሆቨርት ርኅሩኅ ነው፤ ሚስቱ ስትደክም ማየት አይችልም። ስለዚህ መሪውን ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል።

የጫኑት የቼሪ ፍሬ ነው። ሙቀቱ ከሥር ማፍላት ጀምሯል። የማታው ደወል ተደውሎ የዶርድሬኽት ወደብ መግቢያው ላይ በሚጋደም ግንድ ከመዘጋቱ በፊት ካልደረሱ፣ የብርዱ ወራት ዳቦ በሰበሰ ማለት ነው።

ከወንዙ ዳር አንድ ሠዓሊ ተነሥቶ ጮኸ።

«ካፒቴን! እባክዎ ይቁሙልኝ፣ ብርሃኑ ድንቅ ነው!»

ሆቨርት «ካፒቴን» ሲባል ባርኔጣውን አቃና። «ሊስቤት፣ ቁሚ!»

«ምን ቁሚ ትለኛለህ አንተ ሰውዬ? ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ሽቅብ ሊገፋብን ነው!»

«ትንሽ ብትታገሺ ምናለ? ከዘመዶችሽ ሥዕል ውስጥ የገባ አለ?»

«ካንተ ዘመዶች የገባ ካለ እስር ቤት ነው።»

ሠዓሊው የጀልባው ሸራ ይሰቀል አለ።

«ነፋስ የለም እኮ ጌታዬ» አለች ሊስቤት።

«ነፋሱን እኔ አመጣዋለሁ።»

«እንግዲያው ሲተርፍዎ ወደዚህም ወርወር ያድርጉልን።»

አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች እንደማትነሣ ታውቃለች። ገመዱ እንደተንጠለጠለባት ቆመች፤ ፀሐይ አዘነበለች፤ ቼሪው መሽተት ጀመረ።

ሠዓሊው ሲያሰናብታቸው ወንዙ ሽቅብ ዞሮ ነበር። ጎተተች። ደወሉ መንገድ ላይ ደረሰባት። ጠዋት ግንዱ ሲከፈት ቼሪውን የወሰደው አሳማ አርቢ ነበር፤ እሱም ፊቱን አጨማዶ።

በብርዱ ወራት ሊስቤት ለአንድ ሀብታም ቤት እንደ ከሰል የሚነድ የማገዶ አፈር በቅርጫት ተሸክማ ገባች። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነው። ሸራው በነፋስ ተወጥሯል፤ ሆቨርት መሪውን ይዞ እንደ ጄኔራል ተኮፍሷል። እሷ በቆመችበት ቦታ ግን አንዲት ላም አለች።

ሊስቤት ላሟን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እሷስ ቢያንስ ትግጣለች» አለችና ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች።

አንተ አንባቢ፣ ከዚያ ሥዕል ፊት ቆመህ «ወይ ሰላም! ወይ ነፋሻ አየር!» ከማለትህ በፊት አንዲት ነገር ልለምንህ፤ የላሟን ትከሻ ልብ ብለህ እይ፤ ከዚያ የሥዕሉን ባለቤት፣ ድምፅህን ሳትቀንስ፣ «ይህን ጀልባ የሚጎትተው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅልኝ።