ነጩ ወንበር ላይ የቀረ ቅባት

መኪና እጥበት ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበረው ሹፌር የአለቃውን አዲስ መኪና የያዘው እንደ ሰው አራስ ልጅ ነው። ውስጧ ነጭ ቆዳ፣ ጣሪያዋ ኮከብ በኮከብ፣ ወንበሯ ወገብ የሚያሽ፤ እሱ ግን ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ እንቁላል የታቀፈ ይመስል ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ከኋላ ወንበር መደገፊያ ላይ ካለች የጸጉር ቅባት እድፍ አይነቀልም።

«አስጠርጋታ ወንድሜ፤ መኪናዋን ለገዛ ሰው እጥበቱ ነጻ ነው አሉ» አልኩት በሩ ላይ ተደግፌ፤ ምላሴ መቼ ያርፋል።

«ነጻ ነው። ግን ምን እንዳጸዱ ወደ ጋሼ ስልክ መልእክት ይሄዳል።»

«የማን ቅባት ነው?»

ግራ ቀኙን ቃኘ። «የእናቴ። ሐኪም ቤት ሳደርሳት ወንበሩ አሻትና እንቅልፍ ወሰዳት። ሰው ማሳፈር ደግሞ ከሥራ ያስባርራል።»

ስልኩ ጠራ። ለአለቃ ተቀምጦ መመለስ ነውር ሆኖበት ብድግ ሲል አናቱን ከኮከቦቹ ጋር አላተመው።

«አቤት ጋሼ። እሺ ጋሼ።»

ሲዘጋው ላብ አጥምቆታል። «ማታ ከኋላ እቀመጣለሁ አሉ።»

«ታዲያ ቅባቱ የእርስዎ ነው በላቸዋ።»

ስልኩ ተዘግቶም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ እኮ መላጣ ናቸው።»