ባሩድና ብርማው ቀለም

ሰፈሩ ሁሉ ባሩድ ይለዋል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ራሱም የረሳው ይመስላል። ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። ክብሪት አይፈልግም፤ መንገድ ሲያቋርጥ የሚንቀራፈፍ እግረኛ ይበቃዋል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ትተነው እንገላገል ነበር።

እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። አከርካሪዋን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ከከተማ ውጭ ወዳለው ሐኪም ቤት በመኪናው የሚያመላልሳትም እሱ ነው። ሐኪሙ ጀርባዋ እስኪጠና መንገጫገጭ የለባትም ብሎ አስጠነቀቀ። ባሩድ ይህን እንደሰማ አራቱንም ጎማ በአዲስ ሊቀይር ቆረጠ። ለእሷ ሲል የማይሆነው የለም።

ጎማውን የገጠመለት የእህቱ ባል ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ጎማ ቤት ያለው ዝምተኛ ጎሚስታ። ባሩድ አዲስ ጎማ የዛገ ቸርኬ ላይ አይገባም ብሎ ቸርኬዎቹን፣ ጎማው የሚጠልቅባቸውን ብረቶች፣ በገዛ እጁ ብርማ ቀለም ቀብቶ አመጣቸው። ፊታቸውን ብቻ አይደለም፤ ጀርባቸውን፣ የቡሎን ቀዳዳቸውን ሳይቀር ደጋግሞ ቀብቷቸዋል። የሙሽራን አንድ ዓይን ብቻ ማን ይኩላል ባይ ነው። ጎሚስታው የቸርኬውን ጀርባ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር፣ ባሩድ ሥራዬን ልታጣጥል ነው ብሎ ጮኸበት። ሰውየውም ዝም ብሎ ገጠመ።

እህቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ከከተማ እንደወጡ መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዝግታ ሲሄድ ደህና ነው፤ ፈጠን ሲል ግን መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፤ ወንበሩም አብሮት። እህቱ ከኋላ ጋደም ብላ የበሩን እጀታ ጨብጣለች። ያምሻል ወይ ቢላት አያመኝም አለችው።

የባሩድ ደም ፈላ። ሲመለስ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥሩንባውን ለቀቀው። ጎሚስታው ጎማዎቹን ፈትቶ ማሽን ላይ አሽከረከራቸው፤ ባላንሳቸው፣ የክብደት ሚዛናቸው፣ ልክ ነው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። በጩኸቱ መሃል የተወረወረ መሣሪያም ነበር። ቡሎኖቹን ባሩድ ራሱ ቁልፉ ላይ ቆሞ አጠበቃቸው፤ የሌላ ሰው እጅ አያምንም። በሚቀጥለው ጉዞም መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ባሩድ ጥፋቱን የጎማው ብሎ ያዘ። በመጨረሻ ደንበኞች በተሰበሰቡበት፣

«መጋዘን የከረመ ጎማ ነው የሰጠኸኝ። የገዛ ሚስትህ ጀርባ ላይ ነገድክ» አለው።

ጎሚስታው አመድ መሰለ። ባሩድ በዚህም አላበቃ፤ እህቱ ዘንድ ሄዶ ልብስሽን ሰብስቢ፣ ነገ ከሐኪም ቤት ስንመለስ የምትገቢው እኔ ቤት ነው፣ ለዚህ ሰው አልተውሽም አላት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እሺታ አደረገው።

የዚያኑ ዕለት ጎሚስታውን የሚያጋልጥ ምስክር ፍለጋ ከተማው ማዶ ወዳለ ጋራዥ ነዳ። ባለጋራዧ ጎማውን አልነካችም። ቸርኬውን ገልብጣ ጀርባውን በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው፣ ብርማው ቀለም እንደ ቅርፊት ተነሣ።

ማን ቀባው አለች። እኔ አለ፤ በኩራት።

«ይህ ቦታ ከመኪናው ጋር ብረት ለብረት ነው የሚገጥመው» አለችው። «ቀለም ሲጎረብጥበት ጎማው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። የባላንስ ማሽኑ ደግሞ መሃል ቀዳዳውን ስለሚይዝ ይህን አያይልዎትም።»

አራቱንም በብረት ብሩሽ ራሱ ፈቀፈቃቸው። መልሶ ገጥሞ ሲነዳው መኪናው ያለ መንቀጥቀጥ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ደስ ሊለው ሲገባ እንደገና ነደደ፤ በሴትዮዋ፣ በቀለሙ፣ ቀለሙን በሸጠለት ሰው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ስለማያውቅበት ጎማ ቤቱ ሲደርስም በቁጣ ጀመረ።

«ቀለሙ ነው። ለምን አልነገርከኝም?»

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ልነግርዎት ጀምሬ ነበር፣ ጋሼ። ጮኹብኝ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላማ ልፍቀው ብዬ ጎንበስ ስል መፋቂያውን ነጥቀው ወረወሩት።»

ባሩድ አንድ ነገር መወርወሩ ትዝ ይለዋል። ምን እንደነበረና ከማን እጅ እንደነጠቀው ግን አያስታውስም። ወጥቶ መኪናውን አስነሣ።

በማግስቱ እህቱን አሳፍሮ ሄደ። ልብሷን አልያዘችም። ከከተማ ወጥተው ፍጥነት ሲጨምር መሪው ጸጥ አለ። በመስታወት ቢያያት፣ የበሩን እጀታ እንደ ድሮው ጨብጣዋለች።

ልቀቂው፣ አሁን አይንቀጠቀጥም አላት። ያምሻል ወይ ብሎም ጠየቃት።

«አያመኝም» አለች። በዚያው በፊት በነበረው ድምፅ ነው ያለችው።

«በፊትስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

እህቱ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየችው።

«አትጮህም?»

ባሩድ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። አልጮህም ለማለት ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ያመኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። እያለቀስኩ ነበር የምተኛው። ስንመለስ ቤቴ ውሰደኝ፤ ባሌ ዘንድ።»

«እሺ» አለ ባሩድ፤ ከሞተሩ ድምፅ ዝቅ ብሎ።